ከድምሰሳው በፊት የሚነገር መርዶ

ከመነካቱ በፊት የነበረው ሁኔታ ይህ ነው።

ላፕቶፑ አሥራ አራት ኢንች ነው፤ ቀለሙ ግራጫ፣ የተሠራበት ዓመት አይታወቅም። የግራው ማጠፊያ ላልቶ በቀጭን ሽቦ ታስሯል። ሦስት ፊደሎች ተፍቀው ጠፍተዋል። ዲስኩ ስምንት ቴራ ሲሆን ሰባ አንድ በመቶው ተይዟል፤ ከተያዘው አብዛኛው ልማድ ነው። ባለቤቱ አቶ ሸጋው መኩሪያ፣ የጨርቅ ማቅለም ባለሙያ፣ ጥር 19 ቀን 2076 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ሞተዋል። ላፕቶፑ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው እኔ በመረመርሁበት ዕለት፣ ሰኞ ግንቦት 12 ቀን 2078፣ ከጠዋቱ ለአንድ ሩብ ጉዳይ ነው። ማንም ሳይነካው ደውሎ ሃያ ሦስት ደቂቃ ተነጋግሯል።

በኮምቦልቻ የአምስት እድሮች ኅብረት ደምሳሽ ነኝ። በእድሩ ውስጥ ድንኳን የሚተክል አለ፣ ቃሬዛ የሚሸከም አለ፤ እኔ የሟቹን ላፕቶፕ ፎርማት አድርጌ ሲስተሙን ከአዲስ እጭናለሁ። አዲስ ላፕቶፕ ወደ አገር መግባት ካቆመ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ገበያ ላይ ያለው ሁሉ የሌላ ሰው እጅ ያለፈበት ነው፤ ገዢም ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «ይናገራል?» ብሎ ይጠይቃል። በደንብ ያልተደመሰሰ ላፕቶፕ ከተገዛ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን ቤት ውስጥ የሌለ ሰው ስም ይጠራና ምሳ በልቶ እንደሆነ ይጠይቃል። ሰዎች ይህን ርዝራዥ ይሉታል። እኔ እስከዚያ ሰኞ ከደመሰስኋቸው አራት መቶ አሥራ ሁለት ላፕቶፖች ርዝራዥ የተገኘበት የለም።

ልማድ የሚባለው ላፕቶፑ ከባለቤቱ እያየና እየሰማ የያዘው ነው፤ አነጋገሩ፣ ሰላምታው፣ የሚቆጣበት ነገር፣ የሚዋሽበት መንገድ። ድምሰሳው ላፕቶፑ ክፍት እያለ ይጀምራል። ከአሮጌው ልማድ ወደ አዲሱ እየሄደ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ዜሮ ይጽፋል። ሲያልቅ ዲስኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሲስተም የሚጫነው።

ይዘት አልከፍትም፤ ደንቡ አይፈቅድም። የማየው የጥሪ መዝገቡን ብቻ ነው። ማን ደወለ፣ መቼ፣ ስንት ደቂቃ። ባለፉት ሠላሳ ቀናት ከሟቹ ላፕቶፕ ጋር የተነጋገረ ሕያው ሰው ካለ፣ ከድምሰሳው በፊት መርዶው በአካል ቀርቦ በአፍ ሊነገረው ይገባል፤ ደምሳሹም ሲነገር ማየት አለበት። ይህ ደንብ የወጣው አንዲት ሴት የወንድሟን ሞት ከአዲስ ሲስተም የሰላምታ ጽሑፍ ካወቀች በኋላ ነው።

በአቶ ሸጋው መዝገብ ላይ ያለው ስም አንድ ብቻ ነበር። ወይዘሮ ዘውድነሽ ተገኘ፣ ሰማንያ አንድ ዓመት፣ ወገል ጤና፣ ደላንታ።

«እናቱ ናቸው» አለችኝ ሐረገወይን። የሟቹ ሚስት ናት፤ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። «ልባቸው ደካማ ነው፤ ድንጋጤ አይሆናቸውም ተብሏል። ለፋሲካ እንነግራቸዋለን አልን፣ አለፈ። ለመስቀል አልን፣ አለፈ። ከዚያ… እሱ ጠዋት ጠዋት እየደወለ ያናግራቸዋል። ደስ ብሏቸው ይውላሉ።»

የሟች ላፕቶፕ ከአርባው በኋላ መደምሰስ አለበት። ይሄኛው ሁለት ዓመት ከአራት ወር ቆይቷል።

«እኔ ነኝ የፈረምሁላት» አሉ ጋሽ እንድሪስ። የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ሲሆን በከተማው ብዙ መርዶ በመንገር የሚታወቁ ሰው ናቸው። «ሦስት ጊዜ አራዝሜላታለሁ። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ጻፊው።»

ጻፍሁት።

«ወገል ጤና ሌላ ዘመድ የለም?» አልኋት።

«ታናሽ እህቱ የሺመቤት አለች፤ ከእናቷ ጋር ናት የምትኖረው። ለእሷም አልነገርናትም። እሷ ካወቀች እሳቸው ሳያውቁ አይውሉም። ሸጋው ታሟል፣ መንገድ ተከልክሏል፣ እንዳይጨነቅ ብሏል ሐኪሙ፣ አልናት።»

«ከየሺመቤት ጋር ትነጋገራላችሁ?»

«የእኔ ላፕቶፕ ነው የሚመልስላት። እኔ ድምፄ ይከዳኛል ብዬ…» አለችና ጣቶቿን አየች። «እሷም ብትሆን ራሷ የምትመልስ አይመስለኝም። ሥራ ይበዛባታል።»

ልጇ ኤልዳና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በሩ አጠገብ ቆማ ታዳምጥ ነበር። ጉዳዩ የተነሣው በእሷ ምክንያት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በተማሪው ላፕቶፕ ይወሰዳል፤ የሌላ ሰው ልማድ ያለበት ዲስክ አይመዘገብም። ምዝገባው ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ ካመለጣት ዓመቱ ያልፋታል። በቤቱ ያለው ሌላው ላፕቶፕ የሐረገወይን መሥሪያ ቤት ንብረት ነው።

«ከትምህርት ቤት ስገባ ‹ደረስሽ?› ይለኛል» አለች ኤልዳና ላፕቶፑን ሳታይ። «መጀመሪያ አካባቢ እመልስለት ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ጫማዬን ውጭ አውልቄ ነው የምገባው።»

እናቷ ይህን ከዚያ በፊት አልሰማችም ነበር። ፊቷ ላይ ያየሁት ይህንን ነው።

ከሐረገወይን ጋር ቁጭ ብዬ መዝገቡን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አነበብሁ። ወደዚህ ሥራ ከመምጣቴ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በላቦራቶሪ የወባ ደም ስቆጥር ኖሬአለሁ፤ እዚያ የተማርሁት ያየሁትን መጻፍ፣ የገመትሁትን አለመጻፍ ነው። ያየሁት እንዲህ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ወራት ጥሪው አንዳንዴ አራት፣ አንዳንዴ አሥራ አንድ ደቂቃ ይቆያል። ከወይዘሮ ዘውድነሽ በኩል መልስ የሚመጣው አንዳንዴ ወዲያው፣ አንዳንዴ ከዘጠኝ ሰከንድ በኋላ ነው። ከጥቅምት 2077 በኋላ ግን ጥሪው በየቀኑ ሃያ ሦስት ደቂቃ ሆነ፤ መልሱም ሁልጊዜ ከሰከንድ አራት ዐሥረኛ በኋላ ይመጣል። በማስታወሻዬ ላይ «የመስመሩ ጥራት ተሻሽሏል» ብዬ ጻፍሁ። ቁጥሩን በትክክል አይቼዋለሁ፤ ከእሱ ተነሥቼ የጻፍሁት ግን ግምት ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሽ እንድሪስ፣ ሐረገወይንና እኔ ሹፌር በሌለው ሚኒባስ ወደ ደላንታ ሄድን። ኤልዳና ቀረች፤ እንድታጠና ተብሎ። ላፕቶፑ ሥራው እስኪያልቅ ከእጄ ስለማይወጣ በቦርሳዬ ነበር። ደሴን አልፈን ሽቅብ ስንጀምር ሐረገወይን ከንፈሯን መንከስ ጀመረች።

«በድንጋጤ አንድ ነገር ቢሆኑስ?» አለች። «እኔ ለልጄ ፈተና ብዬ የሰው እናት ልገድል?»

«እኔ ስነግር ማንም አልሞተም» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «አንድ ጊዜ ብቻ ሰውዬው ራሱን ሳተ፤ እሱም የሞቱት አማቱ ስለነበሩ ነው፤ ከደስታ ይሁን ከሐዘን እስካሁን አልተጣራም።»

ሐረገወይን አልሳቀችም። ጋሽ እንድሪስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ፋንታዬ፣ እኔ የሞትሁ ዕለት የእኔን ቶሎ ደምስሽው። አርባ እንኳ አትጠብቂ። ሚስቴ በሕይወት ሳለሁ የለፈለፍሁት ይበቃታል።»

በዚህ ጊዜ ሐረገወይን ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሥራ ሳይጀምር። ስለዚህ ማታውን ከከተማው ዳር ጋሽ እንድሪስ የሚያውቋቸው ሰዎች ዘንድ አደርን። ረቡዕ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ተነሣን። ብርድ ነበር። የድሮዎቹ የኦፓል ማዕድን ጉድጓዶች አፋቸው በቆርቆሮ ተከድኖ ከመንገዱ በታች ይታዩ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ከፊት፣ እኔ ከኋላቸው፣ ሐረገወይን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሁላችን ኋላ ሄድን።

በሩን የከፈተችው የሺመቤት ናት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ይሆናታል። ጥቁር ሻሽ አስራለች። ጋሽ እንድሪስን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ የሐረገወይንን ነጠላ አየች።

«ማን ነገራችሁ?» አለች።

መርዶ ነጋሪ በር ላይ አይናገርም። ጋሽ እንድሪስ ልቧ ነግሯት ነው ብለው ገመቱ።

«እስቲ መጀመሪያ እንግባ፣ ልጄ» አሏት።

«ማን ነገራችሁ? ለማንም እንዳይወጣ አልነበር ያልሁት?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሸጋው ሰማ? ደኅና ነው? ምነው፣ እንዳይጨነቅ ተብሎ የለም እንዴ…» ከኋላችን ወዳለው መንገድ ተመለከተች። «አብሯችሁ አልመጣም?»

ሐረገወይን ወደፊት ራመድ አለች።

«የሺ፣ እማ የት ናቸው?»

የሺመቤት እጇን ከበሩ አነሣች።

«እማ አረፈች እኮ» አለች። «ለዚያ አይደል የመጣችሁት?»

ሐረገወይን እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ እንድሪስ ለሁለት ቀን ያዘጋጁትን ቃል መናገር አልቻሉም፤ የተዘጋጀው ለሌላ ሰው ነበርና። በመጨረሻ ያሉት አምስት ቃል ነው። «የሺመቤት ልጄ፣ ወንድምሽም የለም፤ በርቺ።»

የሺመቤት ወዲያው አላለቀሰችም። መቼ ብላ ጠየቀች፤ ነገሯት። በጣቶቿ ወር ቆጠረች።

«እማ ያረፈችው አምና ጥቅምት ነው» አለች። «እሱ ደግሞ ጥር። ታዲያ እሷ ሳትሞት ነው የሞተው። ዘጠኝ ወር… ዘጠኝ ወር ሙሉ በየጠዋቱ ‹ሸጌ አናገረኝ› ስትለኝ የነበረው…» ጣቶቿን አጠፈች። «እኔ ደግሞ እሱ ታሟል ብላችሁ፣ የእናቱን ሞት ቢሰማ ይብስበታል ብዬ፣ ላፕቶፗን አልዘጋሁትም። እሷ ሆኖ ይመልስለት ብዬ ተውሁት።»

«እኛ ነን ታሟል ያልንሽ» አለች ሐረገወይን።

«ወንድሜን ያለ እኔ ቀበርሽው።»

«እናቴ ነበሩ፣ የሺ። አንቺም ያለ እኔ ቀበርሻቸው።»

ሌላ የተባባሉት ነገር የለም። ተቃቀፉ፤ ጩኸቱ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ጎረቤት መጣ። ቤቱ ሞላ። ከጎረቤቶቹ አብዛኞቹ የእናትየዋን ሞት የሚያውቁና ለወንድምየው እንዳይነገር ቃል የገቡ ናቸው፤ አሁን ለማን እንደሚያለቅሱ ለመጠየቅ እርስ በርሳቸው ይተያዩ ነበር።

ለአንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ቦርሳዬ ተናገረ።

«እማ፣ እንዴት አደርሽ?»

የአቶ ሸጋው ድምፅ ነው። ወፍራም፣ ትንሽ የተዘጋ ድምፅ። ለቅሶው ቆመ። አንዲት ሴት ሁለት እጇን ራሷ ላይ እንዳደረገች ቀረች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሸጌ» አለ የአሮጊት ድምፅ ከጓዳ። «አንተስ? ኩላሊትህ?»

«ዛሬ ደኅና ነው። ልብሽስ?»

«ምን ይሆናል ብለህ።»

«ለክረምት እመጣለሁ እያልሁ ነበር።»

«ተው፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ደኅና ስትሆን ትመጣለህ። ምን አስቸኮለህ?»

«ታዲያ አንቺ ለምን አትመጪም? ኤልዳናን ታያለሽ።»

«እኔማ በምን ጉልበቴ። ለመስቀል እንይ።»

«ይሁን፣ ለመስቀል እንይ።»

በሁለቱም ድምፅ ውስጥ እፎይታ ሰማሁ። ይህን የምጽፈው ግምት መሆኑን እያወቅሁ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ሰው ሞት ደብቅ የተባለ ነው፤ እያንዳንዱም ሌላው እንዳይመጣ ይፈራል። ስለዚህ በየጠዋቱ አንዱ እመጣለሁ ይላል፣ ሌላው አትምጣ ይላል፣ ሁለቱም ይስማማሉ። ቀጥለው ስለ አንዲት ጥጃ ተነጋገሩ፤ የሺመቤት ቆይታ እንደነገረችኝ ጥጃዋ ከታረደች ሃያ ዓመት አልፏታል። ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ ቆሞ ሰማ። ሊዘጋው የተነሣ የለም። እኔም ቦርሳውን መክፈት አልቻልሁም። በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ «ቸር ዋል»፣ «ቸር ዋዪ» ተባባሉና ዝም አሉ።

ሦስት ሰዓት ገደማ ጎረቤቱ ቁርስ ለማምጣት ሲወጣ አራታችን ብቻ ቀረን። ደንቡን ለሐረገወይን አስረዳኋት። መርዶ የሚነገረው ለሕያው ሰው ነው፤ በመዝገቡ ላይ ያለው ስም ሕያው አይደለም፤ ስለዚህ ድምሰሳውን የሚከለክል ነገር የለም። ብትፈልግ አሁኑኑ እጀምራለሁ፤ የሺመቤትም ከፈቀደች የእናቷን ላፕቶፕ አብሬ እደመስሳለሁ።

የሺመቤት በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ሐረገወይን ግን ወደ ቦርሳዬ ተመለከተች።

«አልተነገረውም እኮ» አለች።

«ማን?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«እሱ። የእናቱ ሞት አልተነገረውም። እሳቸውም የእሱ አልተነገራቸውም።»

«ሐረጌ፣ ለዕቃ መርዶ አይነገርም።»

«ዕቃ ከሆነ፣ ጋሽ እንድሪስ፣ ሦስት ጊዜ የፈረሙት ለዕቃ ነው?»

ጋሽ እንድሪስ ምርኩዛቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወሩ።

«ለአሮጊቷ ነው የፈረምሁት» አሉ።

«አሮጊቷ ከሞቱ በኋላም ሁለት ጊዜ ፈርመዋል።»

ይህ ትክክል ነበር። ቀኖቹን አየሁ።

«ለዲስኩ የሚያመጣው ለውጥ የለም» አልኋት። «ቢነገረውም ባይነገረውም የሚቀረው ዜሮ ነው።»

«ለእኔ ለውጥ አለው፣ እትዬ ፋንታዬ» አለች። «ልጄ ጫማዋን አውልቃ ነው የምትገባው፤ ሰምተሻታል። መርዶ ያልተነገረው ሰው በነበረበት ላፕቶፕ ላይ እንድትፈተን አላደርግም። ዓርብ ካለፈም ይለፍ።»

ዓርብ እንዲያልፍ የሚፈልግ ሰው በዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም፤ እሷም ጭምር። ጋሽ እንድሪስ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«እሺ፣ ግን አንቺ አትነግሪም» አሏት። «ቤተሰብ መርዶ አይነግርም። አምጪው፣ ፋንታዬ።»

ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ከፈትሁት። ጋሽ እንድሪስ ኮታቸውን ቆለፉ። ከዚያ ልክ ሰው ቤት እንደሚቆሙ ቆሙ፣ ትንሽ ወደ ጎን፣ ፊት ለፊት ሳይሆን።

«ሸጋው፣ እንድሪስ ነኝ።»

«አቤት ጋሽ እንድሪስ። በሰላም ነው በጠዋቱ?»

«በርታ። እናትህ አርፈዋል።»

የዚህ ላፕቶፕ ልማድ በመዝገቡ ላይ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ዘግይቶ አያውቅም። አሁን አሥራ አንድ ሰከንድ ዘገየ። ቆጠርሁት።

«መቼ?» አለ።

«አምና ጥቅምት።»

«የሺመቤት ሰምታለች?»

«ሰምታለች። እዚሁ ናት።»

«ኤልዳናስ?»

«አልተነገራትም።»

«ቀስ ብላችሁ ንገሯት» አለ። «ፈተና አለባት።»

ሐረገወይን ተነሥታ ወደ ውጭ ወጣች። ጋሽ እንድሪስ ወደ ጓዳው አመሩ።

ጓዳው ጠባብ ነው። የወይዘሮ ዘውድነሽ ላፕቶፕ አልጋው ላይ፣ በተነጠፈ ጋቢ ላይ ተቀምጧል፤ ስክሪኑ በፎጣ ተሸፍኗል። ጋሽ እንድሪስ እዚያም ቆመው በተመሳሳይ ቃል የልጃቸውን ሞት ተናገሩ። ዘጠኝ ሰከንድ ቆየ።

«ቀብሩ ላይ ሰው ነበረ?» አለ የአሮጊቷ ድምፅ።

የሺመቤት ልትመልስ አልቻለችም፤ ቀብሩ ላይ አልነበረችም። ከደጅ ሐረገወይንን ጠራቻት። ሐረገወይን ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ነበረ፣ እማ» አለች። «መንገዱ ሞልቶ ነበር። ከፋብሪካው ሁሉ ወጥተው ነበር።»

«ተመስገን» አለ ድምፁ።

በእድሩ መዝገብ መሠረት በአቶ ሸጋው ቀብር የተገኙት ስልሳ ሁለት ሰዎች ናቸው። ይህን አልተናገርሁም።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ላፕቶፖች ቀኑን ሙሉ አልተናገሩም። ለቀስተኛ ሲገባና ሲወጣ፣ ሲያለቅስና ሲጫወት፣ ስክሪናቸው በርቶ ቆየ። ሐረገወይን ማታ ለኤልዳና ደወለች፤ በራሷ ድምፅ። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። ጥሪው አርባ ደቂቃ ያህል ቆየ፤ ተመልሳ ስትገባ ዓይኗ አብጦ ነበር፤ ሳትጠየቅም «ድምሰሳው ነገ ጠዋት ይሁን አለች» አለችኝ።

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱን ላፕቶፖች ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁ። መደምሰሻውን በሁለቱም ላይ ሰካሁ። ኃይል ሞላ፣ ዲስኮቹ ጤነኛ ናቸው፣ የተጠየቀው ፈቃድ ተፈርሟል። ሐረገወይንና የሺመቤት አንድ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ እንድሪስ በሩ አጠገብ ናቸው።

«ሰዓታቸው ይለፍ» አለች ሐረገወይን። «ከደወለ ይደውል። ካልደወለ ትጀምሪያለሽ።»

ለአንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደወለ። የወይዘሮ ዘውድነሽ ላፕቶፕ አነሣ። በሁለቱም ስክሪን ላይ የጥሪው ምልክት በራ፤ ሰከንዱ መቁጠር ጀመረ።

ማንም አልተናገረም።

መስመሩ ተበላሽቶ እንደሆነ ለማየት መለኪያውን አነበብሁ። መስመሩ ጤነኛ ነበር። ሁለቱም እየሰሙ ነበር፤ ሁለቱም መናገር ይችሉ ነበር። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ አምስት ደቂቃ አለፈ። የሺመቤት «እማ» ለማለት አፏን ስትከፍት ሐረገወይን እጇን ያዘቻት። ሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ጥሪው ይዘጋል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተዘጋም። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ሰው አጠገብ ተቀምጦ የሚቆይበት ዓይነት ዝምታ ነበር፤ ይህም ግምቴ ነው። ጋሽ እንድሪስ በሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሁላችንም ተቀመጥን።

አንድ ሰዓት ከሃያ ሦስት ላይ ጋሽ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ፋንታዬ፣ ልጅቷ ትጠብቃለች።»

ሐረገወይንን አየኋት። መልሷ ለማየት የሚያስቸግር ትንሽ የራስ ንቅናቄ ነበር። የሺመቤት ደግሞ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሁለቱን ቁልፎች በሁለት እጄ አንድ ላይ ተጫንሁ።

የአቶ ሸጋው ዲስክ ድምሰሳ ሁለት ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ፈጀ፤ የወይዘሮ ዘውድነሽ ትንሽ ያንሳል። ሁለቱም ተነበቡ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዜሮ ናቸው፤ ርዝራዥ የለም። ሲስተም መጫኑ በእያንዳንዱ አርባ አራት ደቂቃ ወሰደ። ዓርብ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ከሃያ ኤልዳና ሸጋው በዚያው ላፕቶፕ ለፈተና ተመዘገበች፤ ዲስኩ ንጹሕ ነው ተብሎ ታለፈ።

የመጨረሻው ጥሪ በመዝገቤ ላይ ያለው እንዲህ ነው። ርዝመት፦ አርባ ስምንት ደቂቃ። ንግግር፦ ከሁለቱም ወገን ዜሮ ሰከንድ። የዘጋው፦ ማንም። መስመሩ የተቋረጠው በአንደኛው ዲስክ ሰባት በመቶ፣ በሌላኛው ስምንት በመቶ ሲደመሰስ ነው።